ለደን የሚሆን ገጀራ አመራረጥ፦ ከባሌስትራው እስከ አፎቱ

ገጀራ የሚመረጠው በሚቆርጠው ነገር ነው። በከፋ ጫካ ከቡና ሥር ቁጥቋጦና ሐረግ ለሚመነጥር ሰው የሚመቸው ገጀራ በማሻ ወይም በእንጅባራ ቀርከሃ ለሚቆርጥ ሰው አይመችም። የደረቀ ወይራ ለማገዶ የሚፈልጥ ሰው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ያስፈልገዋል። ገበያ ላይ ግን አብዛኛው ገዢ ርዝመቱንና ማብረቅረቁን አይቶ ይከፍላል። ጫካ ገብቶ ግማሽ ቀን ሳይሠራ ክንዱ ይዝላል፣ ወይም ስለቱ ተሸርፎ ይመለሳል።

ለምለምና ቀጭን ግንድ የሚቆረጠው በፍጥነት ነው። ሣር፣ ሐረግ፣ የኮረሪማ ቅጠል፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ እርጥብ ቅርንጫፍ ሁሉ ከተመታ በኋላ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ምላጩ ከመታጠፉ በፊት ማለፍ አለበት። ለዚህ ቀላልና ረጅም ያስፈልጋል፤ የምላጩ ርዝመት ከ45 እስከ 50 ሳ.ሜ፣ ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ ገደማ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 500 ግራም አካባቢ። ከውጭ ተሠርቶ የሚገባውና ከላሜራ የተቆረጠው ገጀራ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ጠንካራና ደረቅ እንጨት ግን በፍጥነት ሳይሆን በክብደት ነው የሚበገረው። 2 ሚ.ሜ ላሜራ ደረቅ ወይራ ላይ ቢያርፍ ይነክስና እዚያው ይጣበቃል፤ ሲያላቅቁት ይጣመማል ወይም ስለቱ ይሸረፋል። እዚህ የሚያስፈልገው አጭርና ወፍራም ነው፤ ምላጩ ከ30 እስከ 35 ሳ.ሜ፣ ጀርባው ከእጀታው አጠገብ ከ4 እስከ 5 ሚ.ሜ፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ፣ ክብደቱ ከ600 እስከ 800 ግራም። ከዚህ በላይ ከከበደ መጥረቢያ መያዝ ይሻላል፤ የአንድ ኪሎ ገጀራ የመጥረቢያን ሥራ አይሠራም፣ የገጀራን ቅልጥፍናም ያጣል።

አንድ ብቻ መያዝ ለሚፈልግና ጫካው ቅይጥ ለሆነበት ሰው የእኔ ምርጫ ከባሌስትራ (ከመኪና ሥር ክብደቱን ከሚሸከመው ተጣጣፊ የብረት ንጣፍ) የተቀጠቀጠ፣ ምላጩ 35 ሳ.ሜ የሆነ፣ ሆዱ ወደ ጫፉ ሰፋ ያለ ነው። ሚዛኑን ለማወቅ ምላጩን በአመልካች ጣት ላይ አጋድሞ የማይወድቅበትን ቦታ መፈለግ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አጭር ገጀራ ነጥቡ ከእጀታው ፊት 10 ሳ.ሜ አካባቢ፣ ለረጅሙ 15 ሳ.ሜ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ከአንድ ስንዝር ካለፈ በእያንዳንዱ ምት የእጅ አንጓን ይጎትታል፤ ወደ እጀታው በጣም ከቀረበ ደግሞ ምቱ ኃይል የለውም።

ትልቅና ባህላዊ የሆነ ስለት ሁሉ ለደን አይሆንም። የአፋሩ ጊሌ በሁለት ወገን የተሳለና የተቆለመመ ነው፤ ጀርባ ስለሌለው በእንጨት እየመቱ ግንድ መሰንጠቅ አይቻልም፣ ሌላውን እጅ ጫን አድርጎ መጠቀምም አይቻልም። ሾተልም የጦር መሣሪያ ነበር። ሁለቱም በቤት ግድግዳና በወግ ቦታ ክብር አላቸው፤ ጫካ ውስጥ ግን ባለቤታቸውን ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ብረቱ። የአገራችን ቀጥቃጮች ጥሩ ገጀራ የሚሠሩት ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ ምክንያትም አላቸው። የባሌስትራ ብረት ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን አለው፤ እንደ ዓይነቱ ክሮምየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ተጣጥፎ የመመለስ ጠባይ የሰጠው ይህ ቅልቅል ነው፤ በትክክል ከተያዘም ሁለቱንም ይሰጣል፣ የሚሳል ስለትና የማይሰበር ጀርባ። የሕንፃ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቢያግሉትና ቢነክሩትም እንደሚፈለገው አይጠነክርም። ከፌሮ ተቀጥቅጦ፣ በሞረድ ተወልውሎ ከባሌስትራው ጎን የሚሸጥ ገጀራ አለ። በዓይን አይለይም፤ ዋጋው ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን ያ ነው።

የሚለየው በሞረድ ነው። ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱና ከስለቱ ላይ በቀስታ ግፉት። በደንብ የተያዘ የገጀራ ስለት ሞረዱን ያስነክሳል፣ ግን እየታገለ ነው። ሞረዱ ምንም ሳይነክስ እንደ መስተዋት ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ወይራ ላይ ይሸረፋል። ሞረዱ በቀላሉ ጠርጎ ከበላው ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ይዶለዱማል። ሻጩ ከፈቀደ ጫፉን ጉቶ ላይ አስደግፋችሁ መሐሉን አምስት ሳ.ሜ ያህል አጉብጡትና ልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ጎብጦ ከቀረ ለስላሳ ነው። ከዚያ ምላጩን በዓይናችሁ ልክ አንስታችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ በስለቱ መስመር ተመልከቱ፤ የተጣመመ ስለት በሞረድ አይስተካከልም። በመጨረሻም ጀርባውን በቁልፍ ወይም በሳንቲም ንኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጥ መልካም ነው፤ የታፈነና የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ግን ወይ እጀታው ላልቷል፣ ወይ ብረቱ ውስጥ ስንጥቅ አለ።

ቀጥቃጭ ዘንድ አዝዞ ማሠራት ከሁሉም ይሻላል። በሙያቸው ምክንያት ለዘመናት የተናቁ ሰዎች ናቸው፤ አገሩ ግን ማረሻውንም ማጭዱንም ያገኘው ከእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ሲያዙ በአክብሮት ማዘዝ፣ ዋጋውንም አለማኮሰስ ያስፈልጋል። ዋጋ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ሥራ ነው፤ እሱም የሙቀቱ ሥራ ነው።

ሲያዙ በግልጽ መነጋገር ያለባችሁ እነዚህን ነው። ባሌስትራው ከመሐል ቡሎን ቀዳዳው ርቆ ይቆረጥ፤ ያረጀ ባሌስትራ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በቀዳዳው ዙሪያ ነውና። ዝገቱ ጉድጓድ የሠራበት ቁራጭም አይሁን። ቅጥቀጣው ሲያልቅ ምላጩ ደም መስሎ እስኪቀላ ይጋልና አየር ላይ በራሱ ይቀዝቅዝ፤ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም በመዶሻው የተጨናነቀው ብረት ይረጋል፣ ሲነከርም አይጣመምም። ለመንከር የሚበቃው ሙቀት ማግኔት መያዝ የሚያቆምበት፣ ወደ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም፣ ከዚያም ጥቂት አለፍ ያለው ነው። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ብልጭታ ከረጨ ተቃጥሏል፤ ያ ቁራጭ ይጣል እንጂ ገጀራ አይሁን።

መንከሪያው ላይ ብዙ ገጀራ ይበላሻል። ቀዝቃዛ ውሃ የባሌስትራን ብረት በድንገት ስለሚይዘው በስለቱ በኩል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይተዋል። ስንጥቁ በዚያን ቀን አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ከስለቱ ሲነሳ ነው የሚታወቀው። ዘይት ይሻላል። ለእጅ ሞቅ የሚል፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ የደረሰ ዘይት፣ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ፣ እስከ ወርዱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ። ጀርባው ሳይነከር ሲቀር ለስላሳ ይሆናል፤ ምቱን የሚውጠውም ይኸው ለስላሳ ጀርባ ነው። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል የብረት ክዳን አጠገብ ይቀመጥ፤ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበት።

ከተነከረ በኋላ እንዲሁ ከተተወ ብረቱ ደረቅና ተሰባሪ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎን በሞረድ ወይም በአሸዋ ወረቀት ተወልውሎ ከጀርባው በኩል ቀስ ተብሎ ይሞቃል። ቀለሙ ከጀርባው ወደ ስለቱ ይጓዛል፤ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ለገጀራ ስለቱ ሐምራዊ ሲደርስ፣ ከ270 እስከ 290 ዲግሪ ባለው፣ ማቆም ነው። የኩሽና ቢላዋ በገለባ ቢጫው ይቆማል፤ ገጀራ ግን የሚመታ መሣሪያ ስለሆነ ትንሽ ስለት ሰጥቶ አለመሰበርን መግዛት አለበት። ይህን ደረጃ የሚዘልል ቀጥቃጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

እጀታው ሁለተኛው የብልሽት ምንጭ ነው። በብዙ የአገር ውስጥ ገጀራ የብረቱ ጭራ እንደ ሚስማር ሹል ሆኖ በእሳት ግሎ በእንጨቱ ውስጥ ይሰካል። በክረምት እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያጠብቀዋል፤ በበጋ ሲደርቅ ይላላል፣ አንድ ቀን በምት መሐል ምላጩ ይወረወራል። ጭራው ቢያንስ 15 ሚ.ሜ ወርድ ኖሮት የእጀታውን ሙሉ ርዝመት አልፎ በጀርባ በኩል ቢቀጠቀጥ፣ ወይም እንደ እጀታው ሰፍቶ በሦስት ሪቬት ቢያዝ አይላላም። ምላጩ ወደ ጭራው የሚጠብብበት ጥግ ደግሞ ክብ ይሁን። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥግ ላይ ጫናው ሁሉ አንድ ቦታ ስለሚከማች ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል።

ለእጀታ እንጨት ወይራና ክትክታ ይመረጣሉ፤ ጥላ ውስጥ ወራት የደረቀ እንጂ በቅርቡ የተቆረጠ አይሁን። ርዝመቱ 13 ሳ.ሜ አካባቢ፣ ቅርጹ ሞላላ ይሁን፤ ክብ ከሆነ ስለቱ ወዴት እንደዞረ እጅ አያውቀውም። መጨረሻው ትንሽ ወፈር ብሎ ወደ ታች ጎበጥ ካለ በላብና በዝናብ እንኳ አይሾልክም። ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ያንሸራትታል፣ እጅም ያቆስላል። የተልባ ዘይት በጨርቅ እየቀቡ፣ በመካከሉ ቀን ቀን እየዘለሉ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ይበቃል። ዘይቱን የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የታጨቀ ጨርቅም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

የገበያ ገጀራ አብዛኛው ሳይሳል ነው የሚመጣ። 25 ሳ.ሜ ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ሞረድ ይዛችሁ ምላጩን አግዳሚ ላይ በደንብ እሰሩትና ከእጀታው ወደ ጫፉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ግፉ፤ ሲመልሱ ሞረዱን ማንሳት ነው፣ አለበለዚያ ጥርሱ ያልቃል። ለሣርና ለሐረግ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ፣ ለጠንካራ እንጨት 25 ዲግሪ ይበቃል። መለኪያ ለሌለው ሰው ቀላሉ ዘዴ ሞረዱን መጀመሪያ በምላጩ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከዚያ ግማሽ ማጋደል፣ ቀጥሎ የቀረውን ደግሞ ግማሽ ማጋደል ነው፤ 22 ዲግሪ ግድም ይመጣል። በሌላው ጎን በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጭን ጠርዝ በሙሉ ርዝመቱ ሲሰማ ጎን መቀየር ነው። በመጨረሻ በድንጋይ ቀለል አድርጎ ማለስለስ። ከእጀታው አጠገብ ያለውን 10 ሳ.ሜ ቀጭን አድርጋችሁ ሳሉት፤ እሱ ለመጥረብና ለመላጥ ነው፣ አይመታም። በኤሌክትሪክ ግራይንደር አትሳሉ። ቀጭኑ ጠርዝ በቅጽበት ግሎ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ የሆነበት ቦታ ጥንካሬው ወርዷል፣ እስከዚያ ድረስ ተሞርዶ ካልተወገደ ስለት አይዝም።

በቡናና በእንሰት አገር ለሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ገጀራ በሽታ ያመላልሳል። ቡናን ከነግንዱ የሚያደርቀው የፉዛሪየም ፈንገስ የሚገባው በቁስል ነው፤ በምንጠራ ጊዜ የቡናውን ግንድ የጫረ ገጀራ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይዞት ይሄዳል። የእንሰት አጠውልግ በሽታም ባክቴሪያው በእንሰት መቁረጫ ስለት ይተላለፋል፤ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ጽሑፍ ከተመዘገበ ጀምሮ ስለቱን ማጽዳት የመከላከያው ዋና ክፍል ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ከቡና ግንድ ዙሪያ ያለውን አረም በእጅ ንቀሉ እንጂ ገጀራ አታስጠጉ። የታመመ ተክል ከቆረጣችሁ በኋላ ምላጩን ከጭቃና ከቅጠል ጥረጉና በእሳት ነበልባል ላይ አሳልፉት። እጅ የማያስነካ እስኪሆን ይሙቅ፤ ቀለም እስኪለውጥ ግን አይቆይ፣ ያን ጊዜ ቀጥቃጩ የሰጠው ጥንካሬ መውረድ ይጀምራል። እሳት ከሌለ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ መንከር ይቻላል፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ ወዲያው በውሃ አለቅልቆ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ግድ ነው።

ቀርከሃ የራሱ ጠባይ አለው። ግንዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ስለት ቶሎ ስለሚያዶለዱም ቀርከሃ የሚቆርጥ ሰው ሞረዱን ከኪሱ አይለይም። የሚቆረጠው ወደ መሬት ከቀረበው አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ከአንጓው ርቆ ከተቆረጠ በቀሪው ቀፎ ውስጥ ውሃ ይጠራቀምና ሥሩ ይበሰብሳል። ሰያፍ ተቆርጦ የቀረ ጉቶ ጫማ የሚበሳ ጦር ስለሆነ መጨረሻውን ጠፍጣፋ አድርጉት። ለቁጥቋጦም እንዲሁ ነው።

ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቆረጡ የሚረጩት ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ለጊዜው ሊያሳውርም ይችላል። ከራስ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አትምቱ፤ ከነካችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን አትንኩ፣ ዓይን ከገባ ብዙ ውሃ አፍሱና ወደ ሕክምና ሂዱ። የተወጠረ ሐረግና የጎበጠ ለጋ ዛፍ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ስለሚመለስ ቆሞ መቁረጥ ከሚፈናጠርበት ጎን ውጭ ነው። ከመጀመር በፊት ገጀራውን ዘርግታችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፤ የሚይዘው ሐረግ ካለ መጀመሪያ እሱን አስወግዱ። ባልደረባ ካለ ሦስት ሜትር ራቅ ይበል። ምቱ ቢስት የሚያርፈው እግር ላይ እንዳይሆን መስመሩ ከጉልበት ውጭ ይለፍ። ገመድ በእጅ አንጓ ላይ አትሰሩ፤ ገጀራው ሲሾልክ ገመዱ መልሶ ወደ ክንድ ያመጣዋል።

የዱር እንስሳ ጉዳይ። ገጀራ የአውሬ መከላከያ አይደለም። በከፋና በሐረና ደን ነብርና አንበሳ አሉ፣ በከፋ ጎሽም አለ፤ ጎሽ ላይ በገጀራ መመካት ራስን መግደል ነው። የሚጠቅመው እንስሳው ቀድሞ እንዲሰማችሁ እየተነጋገሩ መሄድ፣ ውሃ ዳርና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ማታና ንጋት አለመድረስ ነው። እፉኝት ሊኖርበት በሚችል ሣር ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ረጅም በትር ይግባ። ቅርንጫፍ ከመምታታችሁ በፊት ደግሞ ቀፎ ወይም የንብ መንጋ እንደሌለበት ቀና ብላችሁ እዩ።

በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዛፍም ቁጥቋጦም አይቆረጥም። በባሌ ተራሮች ወይም በሰሜን ተራሮች በስካውት ታጅቦ ለሚሄድ ጎብኚ ትንሽ ቢላዋ ይበቃዋል፤ ገጀራው ቤት ይቅር። ገጀራ ይዞ በከተማና በአውቶቡስ መታየት ሰው ያስደነግጣል፣ ፍተሻ ላይም ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ አፎት ውስጥ ሆኖ፣ በጆንያ ተጠቅልሎና ታስሮ ከዕቃ ጋር ይጫን፤ ለምን እንደያዛችሁትም በቅድሚያ ተናገሩ።

አፎቱ ወፍራም የከብት ቆዳ ቢሆን መልካም ነው። በስለቱ በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ተጨማሪ የቆዳ ጠፈር ገብቶ አብሮ ይሰፋ፤ ያ ከሌለ ስለቱ በመጀመሪያ የሚቆርጠው ክሩን ነው። ታች ጫፉ ላይ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ቆዳ እርጥበትና የማልፊያ ጨው ስለሚይዝ ገጀራ በአፎቱ ውስጥ አይከርምም። ሥራ ሲያልቅ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ሦስት እጅ ዘይትና አንድ እጅ ሰም አብሮ ቀልጦ በቀዘቀዘ ቅባት ስስ ተደርጎ ይቀባና ከምድጃ ጢስ ራቅ ብሎ ደረቅ ቦታ ይሰቀል።